የሳሎሜ መስኮት

ከቮዥ ተራራ ግርጌ፣ ወይን ከከበባት፣
ስምንት መቶ ዓመት ቅጥሯ ካልፈረሰባት፣
ኦበርሃይም ገባሁ በመስከረም ማለዳ፣
አውቶቡሱ ጥሎኝ፣ እንደ ሰው ቤት ዕዳ።

በሯ ዝቅተኛ ነው፣ አንገት ያስደፋል፤
የጥንት ሰው አጭር ነው፣
ወይም አገባብ ያውቃል።

ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣
በግንድ አጥንታቸው፣ በጭቃ ሥጋቸው ቆመው፣
ያልዘመመ የለም፣ የወደቀም የለም፤
እንደ ሠርግ ማግሥት ሰው፣ ቆሞ እንደሚያልም።

በደወሉ ማማ ላይ ሽመላ ነበረች፤
ብርዱን ሳትጠብቀው ደቡብ ወረደች፤
ጎጆዋን ለማንም ሳታከራይ ሄደች።
የሌላው በር ሁሉ ትንሽ ሣጥን አለው፣
ቁልፍ የታሰረበት፣ ቁጥሩን ለሚያውቀው፤
ሻንጣ ኮብልስቶኑን እያንቋቋ ያልፋል፣
ቅዳሜ ያደረ ሰው እሑድ ይቀየራል።

አንድ መስኮት አየሁ፦ ቀይ ጀራንየም ሞልቶ፣
ሰማያዊ መዝጊያው በፀሐይ ገርጥቶ።
ስልኬን ከፍ አደረግሁ፣ አንድ ዐይኔን ጨፈንሁ፣
ወደ ኋላ ሄድሁ፣ ግድግዳ ተደገፍሁ፣
ሥዕል ነው ብዬ ሳለሁ
ሥዕሉ ተከፈተ።

«ዘወር ይበሉ እንጂ፣ እጣቢ ነው» አለች፣
ባልዲ ያቀፈች ሴት፤ መልሴን ሳትጠብቅ ደፋች።
ጫማዬ ወይን ጠጅ ሆነ።
«አበባዎ ሲያምር!» አልሁ፣ ሌላ ቃል ባጣ፣
በሰባራ ፈረንሳይኛ፣ ከድንጋጤ ስወጣ።
«አበባውማ» አለች፣ «የማዘጋጃ ቤት ነው፤
ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ የሚያጠጣው ልጅ አለው።
የኔ መስኮቱ ነው።»
ከዚያ ክንዴን አይታ፣ ገበያ እንደምትመርጥ፦
«ጉልበት አለዎት?»

ሳሎሜ ኪፈር ትባላለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ።
ሣጥን ሙሉ ወይን አዝዬ ወረድሁ ምድር ቤቷ፤
ዐሥራ ሰባት ደረጃ፣ የሚያዳልጥ፣ ጠባብ፣
ሽታው እርሾና እንጉዳይ፣ ያደረ ዝናብ።
በርሜሎቹ እንደ ከብት ተኝተው ያመሰኳሉ፤
በጠመኔ የተጻፈ ስም ግንባራቸው ላይ አላቸው ሁሉ፦
ኦርትሊብ፣ ባሏ፣ ከነሞተበት ዓመት፤
ከሱ ጎን ቲየቦ፣ ከነተወለደበት።

«ልጄ ነው። አልሞተም!» አለች ፈጥና፣ ፊቴን አይታ፤
«ስትራስቡርግ ነው፣ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ይደውላል ማታ ማታ።
ይሄን ለሠርጉ ብሎ አባቱ ነው የጠመቀ፤
ልጁም አላገባ፣
ወይኑም ጠበቀ፣ ጠበቀ፣
አርባ ስድስት ዓመት።
አሁን ሐኪም ከልክሎት
ውሃ ነው የሚጠጣ።»

ቧንቧውን አዞረች። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ፈሰሰ፣
ከማር የጠቆረ፤ ብርጭቆው በሽርጧ ጫፍ ታበሰ።
ቀመስሁ።
«ወይኔ!» አልሁ ሳላስበው፣
መንጋጋዬን ይዤ። ኮምጣጤ ነው።

«ምን አሉ?» አለች።
እንዴት ላስረዳት፣ ቆሜ በዚያ ጉድጓድ፣
በኔ ቋንቋ ይህ ቃል ሁለት ነው በአንድ፦
አንዱ «የኔ ወይን» ነው፣ ባለቤት የሚለው፤
አንዱ ደረት ሲመታ ከአፍ የሚያመልጠው።
የትኛው እንደወጣኝ እኔም አልለየሁት።

ነገርኋት እንደምንም። ደጋግማ ሞከረች፦
«ዌይኔ... ወኔ... ወይኔ» እያለች፣
በርሜሉን መታ መታ አደረገችው፣ እንደ ፈረስ ጎን።
ረጅም ዝም አለች።
«ለሰላጣ ይሆናል።»

ትንሽ ጠርሙስ ሞላችልኝ፣ በቡሽ ወተፈች፤
ገንዘብ ሳወጣ
ባልዲዋን አነሣች።

ውጭ ሰዎች ቆመዋል ስልካቸውን ዘርግተው፣
አንድ ዐይን ጨፍነው፣ ግድግዳ ተደግፈው።
«ዘወር በሉ» ልላቸው አሰብሁና ተውሁት፤
እንደኔ ይድረሳቸው።

ማታ በአውቶቡሱ፣ ቡሹ ሳይዝ ቀርቶ፣
ቦርሳዬ ራሰ፤ ሽታው መጣ ጎልቶ፤
ከፊት እስከ ኋላ አፍንጫ ሁሉ ዞረ።
ሾፌሩ በመስታወቱ አየን፣ አጉረመረመ፦
«መስኮት ክፈቱ!»